ሉክ አፍተር ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ

በወላይታ አገር ከሶዶ ከተማ በላይ ዳሞታ የሚባል ትልቅ ተራራ አለ። በዚያ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሚማር አንድ ልጅ ነበረ። ልጁ በቤቱ ወላይትኛ ይናገራል፤ በገበያና በመንገድ አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤቱም እንግሊዝኛ ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፥ እንደዚህ በሦስት ቋንቋ መካከል የሚያድጉ ልጆች በዚያ አገር ብዙ ናቸው።

ልጁ ትጉህ ነበረ። አዲስ ቃል ባገኘ ጊዜ በደብተሩ ይጽፈዋል፤ ትርጓሜውንም ከአጠገቡ ያኖራል። በደብተሩ ውስጥ፥ «ሉክ» ማለት «እይ»፥ «አፍተር» ማለት «በኋላ» የሚል ተጽፎ ይገኝ ነበር። ሁለቱም ትርጓሜ ትክክል ነው። ዳሩ ግን እነዚህ ሁለት ትክክለኛ ቃላት አንድ ቀን ተጋጥመው ልጁን ክፉኛ አሳቱት።

የእንግሊዝኛው መምህር ከትምህርት ቤቱ ጓሮ 40 የዛፍ ችግኝ አፍልተው ነበር። ዋንዛም ብሳናም ነበረበት። ወሩ ጥር ነው፤ ፀሓዩም ብርቱ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን መምህሩ የዘመድ ሞት ተረድተው በድንገት ወደ አረካ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ልጁን ቢያስፈልጉት አላገኙትም። ስለዚህ በቁራጭ ወረቀት አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ጽፈው በጓደኛው እጅ ላኩለት። የጻፉትም፥ «ፕሊዝ ሉክ አፍተር ዘ ሲድሊንግስ» የሚል ነበር። ያን ልጅ የመረጡት ከሁሉ ይልቅ ታዛዥ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

ልጁም ደብተሩን ገልጦ ቃሉን አንድ በአንድ ተረጐመ። «እባክህ ችግኞቹን በኋላ እያቸው» ሆነለት። በኋላ ማለት መምህሩ በተመለሱ ጊዜ ይሆናል ብሎ አሰበ። በማግሥቱ በጓሮው በኩል አለፈ፤ የውኃ ማጠጫውንም ባዶውን ወድቆ አየው፤ አልነካውም። በሦስተኛው ቀን ቅጠሎቹ ጠውልገው አንገታቸውን ሲደፉ አይቶ ልቡ ፈራ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ እንደገና አነበበው። ወረቀቱ ግን ያንኑ «በኋላ» የሚለውን ቃል መለሰለት። ልጁም ትእዛዝ መተላለፍ ስላልወደደ ትቶ ሄደ።

በአራተኛው ቀን መምህሩ ሲመለሱ በሕይወት የቀሩት ችግኞች 9 ብቻ ነበሩ። ልጁን ጠርተው ምክንያቱን ጠየቁት። እርሱም እየተንቀጠቀጠ ወረቀቱን ዘርግቶ፥ «መምህር፥ ወረቀቱ ያዘዘኝ በኋላ እንዳያቸው ነው» አለ። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በኋላ፥ «ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ሳላስተምርህ ሥራውን ሰጠሁህ» አሉት። በማግሥቱ የተወሰነላቸውን ትምህርት ትተው ስለዚሁ ቃል አስተማሩ።

አስቀድመው የጠየቁት ስለ እንግሊዝኛ አልነበረም። «እኔ ወደ ክፍል ስገባ እናንተ ምን አደረጋችሁ?» አሉ። ተማሪዎቹም፥ «ብድግ አልን» ብለው መለሱ። «ከእናንተ መካከል ‹ብድግ› የሚል ቃል በአፉ የተናገረ ማን ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ የተናገረ የለምና። «አለ» የሚለው ግስ ብቻውን ሲቆም ተናገረ ማለት ነው። «ብድግ» ከሚለው ቃል ጋር ሲጋጠም ግን መናገር ይቀርና መነሣት ይሆናል። «ዝም አለ» ስንልማ ነገሩ ጭራሹን ይገለበጣል፤ የማይናገረውን ሰው «አለ» እንለዋለን። ወላይትኛም እንዲሁ ያደርጋል። «ጮኡ ጊስ» ማለት ዝም አለ ማለት ሲሆን፥ «ጊስ» ብቻውን «አለ» ማለት ነው። ስለዚህ የወላይታ ልጅ ይህን ጠባይ በሁለት ቋንቋ ያውቀዋል፤ በሦስተኛው ሲያየው ሊደነግጥ አይገባውም።

እንግሊዝኛ ደግሞ ግሱን ከትንንሽ ቃላት ጋር ያጋጥማል። እነዚህ ትንንሽ ቃላት ብቻቸውን ሲሆኑ ቦታን ወይም ጊዜን ያመለክታሉ፤ ላይ፥ ታች፥ ውጭ፥ በኋላ እንደ ማለት ናቸው። ከግስ ጋር በተጋጠሙ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ትርጓሜያቸውን ይተዋሉ። ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ቃል ይቈጠራሉ፤ ተነጣጥለውም አይተረጐሙም።

«ሉክ አፍተር» ማለት እንግዲህ ጠበቀ፥ ተንከባከበ ማለት ነው። ማየትና በኋላ ተጋጥመው ጥበቃ ስለ ምን ሆኑ ቢባል፥ ምክንያት አለው። በጥንት ዘመን ይህ ቃል የሚሄደውን ነገር በዐይን መከተል ማለት ነበረ። እረኛን ማሰብ ይበቃል። ጥጃይቱ ወደ ወንዙ ስትወርድ ዐይኑ ከኋላዋ ይወርዳል፤ ወደ ሰው እርሻ ስትጠጋ ዐይኑ ከኋላዋ ይጠጋል። እግሩ ከድንጋዩ ላይ ባይነሣ እንኳ ዐይኑ አልተቀመጠም። ዐይኑን ከኋላዋ ያሰለፈ ሰው ጠባቂዋ ነው። አማርኛም በሌላ በኩል ወደዚሁ ሐሳብ ደርሷል፤ «ተከተለ» ከሚለው ግስ «ተከታተለ» የሚለው ወጥቷልና። ሐኪም የበሽተኛውን ሁኔታ ይከታተላል ሲባል፥ በየመንገዱ ከኋላው ይሄዳል ማለት እንዳልሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አማርኛ እንዲተረጕሙ አዘዟቸው፤ ትልቁ ችግር የተገኘውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው በአንድ ቃል የሚለውን አማርኛ በብዙ ቃላት ይከፋፍለዋል። ልጅ ያረጀች እናቱን «ሉክ አፍተር» ቢያደርግ፥ አማርኛው «ጦረ» ነው። እኅት የታመመ ወንድሟን እንዲሁ ብታደርግ «አስታመመች» ነው። አክስት የወለደችውን የእኅቷን ልጅ በአራስ ቤት ብትረዳት «አረሰቻት» ይባላል። ከብትን «ጠበቀ» ወይም «አገደ»፥ እንግዳን «አስተናገደ»፥ ወላጅ የሞተበትን ሕፃን «አሳደገ» ይባላል። አንድ ተማሪ ተነሥቶ «አያቴን ጠበቅኋት» ብሎ ተረጐመ። ባልንጀሮቹ ግን አያቲቱን እንደ ጥጃ በመስክ ያገዳት አስመስለው ሣቁበት። ልጁ አፈረ፤ ይሁን እንጂ ስሕተቱ ለሁሉ ጠቀመ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው የሚጠበቀው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ቃሉን ሊተረጕም አልደፈረም።

በዚህ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ባለጠጋ ይመስላል። ነገር ግን የአማርኛም ድኽነት በሌላ ቦታ ይታያል። «ጠበቀ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። «ዘበኛው በሩን ጠበቀ» ሲባል ጥበቃ ነው፤ «መኪና ጠበቅሁ» ሲባል ግን እስኪመጣ መቆየት ነው። የወላይትኛው «ናጊስ» ደግሞ እንደዚሁ ሁለቱን በአንድነት ይሸከማል። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ይለያል፤ የሚመጣውን መጠበቅ «ዌት ፎር» ይባላል፤ ያለውን መጠበቅ «ሉክ አፍተር» ይባላል። ስለዚህ በሶዶ መናኸሪያ የቆመ ተማሪ የአርባ ምንጭን አውቶቡስ እየጠበቀ መሆኑን ለመግለጽ «ሉክ አፍተር» ቢል፥ ሰሚው የመኪናው ዘበኛ ነው ብሎ ያስባል።

«ሉክ» ሌሎችም ባልንጀሮች አሉት። «ሉክ አት» ማለት አንድን ነገር ተመለከተ ማለት ነው። «ሉክ አውት» ተጠንቀቅ የሚል የማስጠንቀቂያ ጩኸት ነው። «ሉክ አፕ» ቃልን በመዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ ነው፤ ልጁም ያን ቀን ይህን አድርጎ ቢሆን 31 ችግኝ ባልደረቀ ነበር። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚመጣውን ደስታ፥ እንደ ጊፋታ በዓል ያለውን፥ በናፍቆት መጠበቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጀማሪን የሚያሳስተው «ሉክ ፎር» የሚለው ነው፤ ትርጓሜውም ፈለገ ማለት ነው። በመስክ ላይ ሁለት እረኞች ቢታዩ፥ አንዱ ጥጃውን «ሉክ አፍተር» ያደርጋል፤ ይህ ጥጃው በፊቱ ያለለት ነው። ሁለተኛው ጥጃውን «ሉክ ፎር» ያደርጋል፤ ይህ ጥጃው የጠፋበት ነው። የቃሉ ልዩነት አንዲት ትንሽ ቃል ብቻ ናት፤ ሁለተኛው እረኛ ግን ማታ ወደ ቤቱ የሚገባው እያለቀሰ ነው።

የቃሉን ሥርዐት መምህሩ በአጭሩ አሳዩ። በአማርኛ ግስ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ «ጥጃውን ጠበቀ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ ይቀድማል፤ የሚጠበቀውም ነገር «አፍተር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ይመጣል፤ በሁለቱ መካከል አይገባም። ስለዚህ «ሉክ አፍተር ኢት» ይባላል እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። ላለፈው ጊዜ «ሉክድ አፍተር» ይሆናል። ነገሩ በሌላ ሰው የተጠበቀ እንደ ሆነ «ዋዝ ሉክድ አፍተር» ይባላል፤ «አፍተር» ከኋላዋ የሚመጣ ነገር ባይኖርም ከስፍራዋ አትለቅም። የአሜሪካ ሰዎች በዚህ ቃል ፋንታ «ቴክ ኬር ኦፍ» ማለትን ያዘወትራሉ። የሚለያዩ ወዳጆችም «ሉክ አፍተር ዩርሰልፍ» ይባባላሉ፤ ቃል በቃል ራስህን ጠብቅ ማለት ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ «ደኅና ሁን» እንደሚባለው ያለ ስንብት ነው።

አንዲት ተማሪ እጅዋን አንሥታ፥ «እንግሊዞች ‹አደራ›ን ምን ይሉታል?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ ጥያቄዋን አመሰገኑ፤ መልሱ ግን ቀላል አልሆነላቸውም። አደራ የሰጪው ቃል ነው፤ ልጅዋን ለጎረቤት ትታ የምትሄድ እናት ከደጅ ሆና የምትናገረው ነው። ተቀባዩ ያን ቃል ከሰማ በኋላ «አልሰማሁም» ሊል አይችልም። «ሉክ አፍተር» ግን የተቀባዩ ሥራ ስም ብቻ ነው፤ የሰጪው ልመና በውስጡ የለበትም። መምህሩም ወደዚያ ታዛዥ ልጅ ዘወር ብለው፥ «በወረቀቱ ላይ ‹አደራ› ብዬ ብጽፍልህ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» አሉት። ልጁም፥ «ሌሊትም ቢሆን አጠጣቸው ነበር» አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ሁምቦ ወሰዷቸው። ሁምቦ ከሶዶ በስተ ደቡብ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ያለ ወረዳ ነው። የተራራው ጐን በደን ተሸፍኖ አዩ። መምህሩም፥ «ይህን ደን የተከለ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ መንግሥት ነው አለ፤ ሌላው ገበሬዎች ናቸው አለ። መምህሩ ግን አብዛኛውን ማንም አልተከለውም ብለው መለሱ፤ ታሪኩንም ነገሯቸው።

ያ ተራራ በቀድሞ ዘመን ደን ነበረው። ሰዎች ለማገዶና ለከሰል ቈረጡት፤ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውንም ቅጠል ከብትና ፍየል እየበላ ጨረሰው። ተራራው በተራቈተ ጊዜ ዝናቡ ጎርፍ ሆነ፤ ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 የአካባቢው ገበሬዎች ወርልድ ቪዥን ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆነው ደኑን የመመለስ ሥራ ጀመሩ። የተከለለውም መሬት 2,728 ሄክታር ነበረ። ሥራቸው በብዛት መትከል አልነበረም። ጉቶዎቹ ከላይ የሞቱ ቢመስሉም ሥራቸው ከመሬት በታች ሕያው ነበረ። ገበሬዎቹ መሬቱን ከልለው ከብት እንዳይገባበት አደረጉ፤ ሣሩንም እያጨዱ ተሸክመው ለከብቶቻቸው ወሰዱ። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ በወጣ ጊዜ ብርቱዎቹን ጥቂቶች መርጠው አስቀሩ፤ የቀሩትን ቈረጡ። ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለውም።

ይህ አሠራር የታወቀው በኒጀር አገር ነው። በዚያ ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ ለብዙ ጊዜ ችግኝ ሲተክል አብዛኛው እየደረቀ አስቸገረው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 አንድ ቀን በመንገድ ዳር ያለውን ቍጥቋጦ ጠጋ ብሎ ቢመለከት፥ ቍጥቋጦ የመሰለው ነገር ከተቈረጠ ዛፍ ጉቶ ያቈጠቈጠ ሆኖ አገኘው። ደኑ ከእግሩ በታች እንዳለ ያን ጊዜ ዐወቀ፤ የጐደለው ጠባቂ ነበረ።

የሁምቦ ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን ያዙ። ዛፍ ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር እየሳበ በግንዱና በሥሩ ያከማቻል፤ ይህም ጋዝ የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት አንዱ ነው። ስለዚህ ሥራው በ2009 በተባበሩት መንግሥታት ሥርዐት ተመዘገበ፤ በዓለም ባንክ ሥር ያለ አንድ ፈንድም ደኑ ከሳበው ጋዝ ስለ 165,000 ቶን ዋጋ ሊከፍል ተዋዋለ። ገበሬዎቹ ለዚህ ውል የበቁት እንጨት በመሸጥ ሳይሆን እንጨቱን ባለመቍረጥ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ተደነቁ፤ አንዱማ ዋጋው ለዛፉ ጥላ የተከፈለ መስሎት ነበር።

መምህሩም ከአንድ ጉቶ አጠገብ ቆመው ያን ታዛዥ ልጅ ጠሩና፥ ያየውን በእንግሊዝኛ እንዲናገር አዘዙት። ልጁ ጥቂት አሰበ። «ፋርመርስ» ብሎ ጀመረ፤ ግሱ ላይ ሲደርስ «ፕላንትድ» ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ተከሉ ማለት ነው። ወዲያው አፉን ገታ፤ ጉቶውንም አየ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ፥ «ፋርመርስ ሉክድ አፍተር ዘ ትሪስ» አለ።

የቀሩት 9 ችግኞች በጓሮው ቆዩ። ልጁ ጧትና ማታ ያጠጣቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንዲቱ ዋንዛ ጫፏ ደርቆ ሳለ ከግርጌዋ አዲስ ቅጠል አወጣች። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ከመጣሉ በፊት መምህሩ ለተዝካር ዳግመኛ ወደ አረካ የሚሄዱ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ልጁ በአጠገባቸው ነበረ፤ በቃል ሊያዙት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ከመጽሐፋቸው መካከል ያችኑ የተጨማደደች አሮጌ ወረቀት አውጥተው፥ ከተጻፈባት ቃል አንዳች ሳይለውጡ ሰጡት። ልጁም አነበባት፤ አጥፎም በኪሱ ከተታት፤ ማጠጫውንም አንሥቶ ወደ ውኃው ወረደ።